የያዮን ቃል የመዘንኩበት ሚዛን

በሥራ ዘመኔ ብዙ ሰው ቀጥቻለሁ። የአብዛኞቹን ስም ረስቼዋለሁ፤ ጥፋተኞች ነበሩና ባላስታውሳቸውም ቅር አይለኝም። አንድ ሰው ግን አለ፤ የዱብቲው ያዮ፣ ምንም ሳያጠፋ ቃሉን የቀማሁት። ንብረቱን አልነካሁም፣ እጄንም አላነሳሁበትም። ሰመራ ባለው ቢሮአችን ውስጥ አየር ማቀዝቀዣ ሥር ተቀምጬ አንድ ቁልፍ ተጫንኩ፣ በቃ። ከዚያ በኋላ ያዮ በአገሩ ላይ «አየሁ» ቢል የሚሰማው ጠፋ።

ባለፈው ወር ጡረታ ወጣሁ። አብረውኝ የሠሩት ልጆች ኬክ ቆርጠው ሸኙኝ፣ ስለ ጉብዝናዬም ብዙ አወሩ። ስለ ያዮ ግን አንዳቸውም አላነሱም፤ ሊያስከፉኝ ስላልፈለጉ ነው። እኔ ደግሞ ዝም ካልኩ የሚቀጥለው ሰው በተቀመጥኩበት ወንበር ተቀምጦ ያንኑ ቁልፍ ይጫናል ብዬ ሰጋሁ። ስለዚህ ይኸው ጻፍኩት። ጌም የምትሠሩ፣ አጭበርባሪ የምታድኑ ወጣቶች ካላችሁ ለእናንተ ነው።

ብርቄ እባላለሁ። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት አዋሽ ነው። ወጣትነቴን የጨረስኩት ከጅቡቲ ወደ መሀል አገር የሚወጣ ከባድ መኪና ሁሉ በሚመዘንበት ጣቢያ ነው። ሾፌሮቹ «ብርቄ ሚዛኗ» ይሉኝ ነበር። አንዳንዱ በፍቅር፣ አብዛኛው በንዴት።

ሾፌር ሚዛን ላይ ሲወጣ የማያመጣው ተንኮል የለም። አንዱ የኋላ ጎማውን ከብረቱ ሳህን ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል አሳልፎ ያሳርፋል፤ ሚዛኑ የጭነቱን እኩሌታ ሳያይ ይቀራል። ሌላው መሀል ላይ ፍሬን ይዞ መኪናውን ያናውጥና ቁጥሩ ሲወዛወዝ ዝቅ ያለበትን ጠብቆ «ጻፊ እንጂ፣ ምን ታያለሽ!» ይላል። ጣቢያው ሳይደርስ ጆንያ አራግፎ፣ ካለፈ በኋላ መልሶ የሚጭንም ነበር። እኔ ቁጥሩን ከማየቴ በፊት ጎማውን አያለሁ። ከብዶት የሚሄድ ጎማ ሆዱ ያብጣል፤ ወረቀቱ ምንም ቢል ጎማ አይዋሽም።

ይህን ያስተማረኝ ጋሽ ሙሄ ነው፤ የጣቢያው ኃላፊ፣ የከሚሴ ሰው፣ አላህ ይርሐመው። ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። ስገባ ያልገባኝ ልማድ ነበረው። ንጋት ላይ ሱብሂ ሰግዶ ይመጣና የመጀመሪያው መኪና ሳይወጣ የመፈተኛ ብረቶቹን አንድ በአንድ አሸክሞ ሚዛኑ ላይ ያስቀምጣል። ክብደታቸው የታወቀ ነው። ሚዛኑ ያንኑ ክብደት ካነበበ ሥራ ይጀመራል፤ ካላነበበ ወረፋው ገዋኔ ቢደርስም መኪና አይመዘንም። እኔ ብረቱን መሸከም ሰለቸኝና አንድ ቀን «ጋሼ፣ ትናንት ልክ ነበር እኮ» አልኩት።

«ትናንት ሌላ ነው» አለኝ። «ዛሬ የምንከሰው ሰው የሚመጣው ዛሬ ነው።»

ሌላም ልማድ ነበረው። ሚዛኑ «ከመጠን በላይ ጭኗል» ሲል ሾፌሩን አስወርዶ በእርጥብ ጆንያ ከተጠቀለለው ጀሪካን ውሃ ያጠጣዋል። እስኪጠጣ ይጠብቃል። ከዚያ መኪናውን አዙሮ በሌላ ፊቱ እንደገና ያስመዝናል። «በዞረበትም ይሄው ከሆነ ይሄው ነው» ይላል። ውጤቱንም ሌላ ሾፌር እየሰማ አይናገርም፤ ሰውዬውን ክፍሉ ውስጥ ያስገባና በሩን ገርበብ ያደርጋል። ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ስጠይቀው የመለሰልኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፦ «ጭነቱን ነገ ያራግፈዋል። ስሙን ግን የት ያራግፈዋል?»

እነዚህን ሁሉ ከእሱ ተማርኩ። ጋሽ ሙሄ ጡረታ ሲወጣ ቦታውን እኔ ያዝኩ፣ እንደ እሱም ሠራሁ። የእሱ ልማዶች በብረት ሚዛን ላይ ብቻ የሚሠሩ ይመስሉኝ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

ሁመድን ያገኘሁት እዚያው ጣቢያ ነው። አንድ ቀጭን የአፋር ወጣት መጥቶ ሦስት ቀን ሙሉ ጥላው ሥር ተቀምጦ መኪና ሲመዘን ያያል፣ ይስላል። ሰላይ መስሎኝ ሄጄ ተቆጣሁት። «ጌም ልሠራ ነው» አለኝ። እኔ ጌም የሚባለውን የማውቀው የእህቴ ልጆች ስልክ ላይ አፍጥጠው እራት ሲቀዘቅዝባቸው ነው። ሁመድ ግን ቁም ነገር ይዞ ነበር። ሾፌሮች እንዴት እንደሚያጭበረብሩ ጠየቀኝ፤ እኔም ስነግረው ዋልኩ። እንዲህ በደስታ ያዳመጠኝ ሰው አልነበረም።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ጣቢያው ሊዛወር ነው ሲባል ሁመድ ደወለ። «እትዬ ብርቄ፣ ጌሙ ተሠራ። ሌቦቹም መጡ። ነይልኝ» አለኝ። ደመወዙ ከመንግሥት ትንሽ ይሻል ነበር፤ እኔን የሳበኝ ግን «ሌቦቹ» ያላት ቃል ናት። ዕቃዬን ጠቅልዬ ሰመራ ገባሁ።

የጌሙ ስም «ጭነት» ነው። ተጫዋቹ በስልኩ ከገላፊ ዕቃ ጭኖ በሎጊያ፣ በሚሌ፣ በገዋኔ አድርጎ አዋሽ ያደርሳል፤ ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር እየተሽቀዳደመ። ጎማ ይፈነዳል፣ ሞተር ይግላል፣ ግመል መንገድ ያቋርጣል። ከሁሉ ያስገረመኝ ዋነኞቹ ተጫዋቾች እውነተኛ ሾፌሮች መሆናቸው ነው። ገላፊ የጉምሩክ ወረፋ ሲጠብቁ ተሳቢያቸው ሥር ጋደም ብለው በስልክ መኪና ይነዳሉ። «ከሥራ ስታርፉ ሥራ ትሠራላችሁ?» ብዬ ሳሾፍባቸው «ይሄኛው ናፍጣ አይጠይቅም» ይሉኛል።

የመጀመሪያ ሥራዬ አንድ ቀዳዳ መፈለግ ሆነ። አንዳንድ ተጫዋች አንድ መኪና ጭኖ ተነስቶ የሁለት መኪና ዕቃ ያራግፋል። ፕሮግራመሮቹ ሳምንት ሙሉ ተጨንቀዋል። ከእነሱ መካከል ሂክማ የምትባል የኮምቦልቻ ልጅ አለች፤ ጥርት ያለች ሠራተኛ፣ ስትናገር የምትፈራ፣ ስትጽፍ ግን የማትሳሳት። እሷን «ይህን ዕቃ የሚመዝነው ማነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«የተጫዋቹ ስልክ ይመዝንና ለእኛ ዋና ኮምፒውተር፣ ለሰርቨሩ ይልካል» አለችኝ።

«ማለት ሾፌሩን ‹ስንት ጭነሃል?› ብላችሁ ያላችሁን ትጽፋላችሁ?»

ሂክማ ፊቷ ቀላ። እኔ እስኪያመኝ ሳቅሁ። ለካ ሎጊያ መጋዘን ላይ ዕቃው ሲጫን ኔትወርኩን ቆርጦ መልሶ የሚከፍት ሰው ስልኩ ሁለቴ ይመዝንለታል። ሂክማ ሚዛኑን ከተጫዋቹ ኪስ አውጥታ ወደ እኛ ሰርቨር አመጣችው፤ ስልኩ ያሻውን ቢል እኛ የምናምነው ራሳችን የመዘንነውን ሆነ። ይህን ጌም የሚሠራ ሁሉ መጀመሪያ ቀን ሊያደርገው ይገባል።

ከዚያ የክርክሩ ሰዓት መጣ። ልጆቹ በዚያ ቀዳዳ ያለፈውን ሁሉ እናግድ አሉ። እኔ አይሆንም አልኩ። ቀዳዳውን የተውነው እኛ ነን። ሚሌ አካባቢ ኔትወርክ በራሱ ሲቆረጥ እንደሚውል ሁላችን እናውቃለን፤ አንዴ የተባዛለት ሰው ምናልባት ራሱም አላወቀም። ከእሱ የተባዛውን ዕቃ ዝም ብለን አነሳን። ሠላሳና አርባ ጊዜ የደጋገመውን ግን ለብቻው ጽፈን ነገርነው፣ ለአንድ ወርም አገድነው። ቀዳዳውን አይቶ ሳይጠቀምበት የነገረን አንድ የሚሌ ልጅ ነበር፤ ለእሱ ማንም የሌለው የተለየ ጥሩምባ ሰጠነው። ያ ጥሩምባ በጌሙ ውስጥ ሲሰማ ሰው ሁሉ ይቀናል። ከዚያ ወዲያ ቀዳዳ የሚጠቁመን በዛ።

እንዲህ በጀመርኩ ጊዜ ልክ ነበርኩ። ልክ መሆኔ ግን አጠፋኝ። ሁመድ «አይኗ ራጅ ነው» እያለ ለእንግዳ ያስተዋውቀኛል፤ እኔም ደስ ይለኛል። እያደር ጋሽ ሙሄን መጥቀስ አበዛሁ፣ እንደ ጋሽ ሙሄ መሥራት ግን ተውኩ።

በአራተኛው ዓመት ራሱ የሚነዳ ፕሮግራም መጣ። ሰው ተኝቶ ሳለ ፕሮግራሙ መኪናውን ይነዳለታል፣ ይጭናል፣ ያራግፋል፣ በማግስቱ አንደኛ ሆኖ ይገኛል። በእጃቸው የሚጫወቱት ተናደዱ፤ «ከማሽን ጋር አንሽቀዳደምም» ብለው መውጣት ጀመሩ። ሁመድ ፊቱ ጠቆረ። ከአዲስ አበባ ገንዘብ ያስገባው ሸሪኩ በየቀኑ ይደውላል። «አንድ ነገር አድርጉ፣ ሰው እንዲያይ አድርጉ» ይባላል።

እኔ ቀላል ሕግ አወጣሁ። ሰው ይተኛል፣ ማሽን አይተኛም። በተከታታይ ቀናት ያለ በቂ ዕረፍት የነዳ አካውንት ማሽን ነው። ሕጉን ለኮምፒውተሩ ሰጠሁት፤ ኮምፒውተሩም አርባ አንድ ስም አወጣልኝ። ከሁሉ በላይ የነዳው «የዱብቲ ያዮ» ነበር። እናግዳቸው ብቻ ሳይሆን ስማቸውን በጌሙ መክፈቻ ላይ በቀይ እንጻፍ ያልኩት እኔ ነኝ። ሁመድ አመነታ። «ሌባ የሚፈራው ሰው እንዳያውቅበት ነው» ብዬ አሳመንኩት።

ሂክማ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች። «እትዬ ብርቄ፣ ይሄ ያዮ የሚባለው ግራ ገብቶኛል» አለች። «ማሽኖቹ አይሳሳቱም፤ መታጠፊያውን ሁሉ በአንድ ዓይነት ነው የሚታጠፉት። ይሄ ግን ይሳሳታል። ጠዋት ላይ ፍየል ገጭቶ ገደል ይገባል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደ አሮጌ ሾፌር ይነዳል፣ ከዚያ ደግሞ ፍሬኑ የት እንዳለ የማያውቅ ይሆናል። ትንሽ እንየው?»

ይህ ሆዱ ያበጠ ጎማ ነበር። ዓይኔ ሥር አምጥታ አሳየችኝ።

«ሰው ለመምሰል የተሠራ ነው» አልኳት። «የሌባን ብልሃት ለእኔ ተይው።»

ሂክማ «እሺ» ብላ ወንበሯን መለሰች። ያን ጊዜ ስትመልሰው የተሰማው የወንበር ድምፅ ዛሬም ያሳፍረኛል። መፈተኛ ብረት አላስቀመጥኩም፤ ሰው መሆኑን በማውቀው አንድ አካውንት እንኳ ሕጌን አልፈተንኩትም። መኪናውን አላዞርኩም። ውሃ አላጠጣሁም። ቁልፉን ተጫንኩ።

በነጋታው ጨዋታው ደራ። ተጫዋቹ ሁሉ ዝርዝሩን ፎቶ እያነሳ ይላላካል፣ ያመሰግነናል። በአቤቱታ ሳጥናችን አንዲት አጭር መልእክት ገብታ ነበር፦ «እኛ ብዙ ነን እንጂ ማሽን አይደለንም። ዱብቲ።» አነበብኳት። ብዙ ሆነው የሚያጭበረብሩ መሰሉኝና «ውሳኔው የመጨረሻ ነው» የሚለውን የተዘጋጀ መልስ ላክሁ።

ዝርዝሩ በወጣ በአሥራ ስምንተኛው ቀን የሁመድ አጎት ወደ ቢሯችን መጡ። ከሁመድ ጋር በአፋርኛ ለረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። እኔ የምሰማት ጥቂት ናት፤ «ያዮ» የምትለውን ግን ደጋግሜ ሰማሁ። ሁመድ ሲያዳምጥ ፊቱ አመድ መሰለ። አጎቱ ከወጡ በኋላ ወደ እኔ ዞረ።

«እትዬ ብርቄ፣ ዳጉን ታውቂዋለሽ?»

አውቀዋለሁ። በዚህ አገር የኖረ ማን የማያውቀው አለ? ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ወሬ ይለዋወጣሉ። ማን አየ፣ የት አየ፣ መቼ አየ ይባላል። ያየውን እንዳየ፣ የሰማውን እንደሰማ ለይቶ ይናገራል። ሐሰት ያቀበለ ሰው ከዚያ በኋላ ቃሉ አይወሰድም።

«አንቺ ዝርዝር ያወጣሽ መስሎሻል» አለኝ ሁመድ። «ያወጣሽው ዳጉ ነው። ያዮ ሐሰተኛ ነው ብለሽ ለአገር ሁሉ ተናገርሽ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሎጊያ መውጫ ላይ አንድ ከባድ መኪና ሁለት ግመል ገጨ። ሾፌሩ ከሩቅ ጥሩምባ ነፍቷል፣ ፍሬን ይዟል፣ ከገጨም በኋላ ቆሟል፤ ያን ጊዜ አየሁ ብሎ የቀረበው ያዮ ብቻ ነበር። ሽማግሌዎች ለዕርቅ ሲቀመጡ ያዮ ያየውን ሊናገር ተነሳ። ከግመል ባለቤቶቹ ወገን አንዱ ስልኩን አውጥቶ ቀዩን ዝርዝር አሳየ። «ስሙ እዚህ የተጻፈ ሰው ምን ብሎ ይመሰክራል?» አለ። ያዮን አስቀመጡት። ሾፌሩ ሌላ ምስክር ስላልነበረው ታስሮ ቆየ፤ የተፈታው ከአሳይታ ገበያ ስትመለስ ነገሩን ያየች አንዲት ሴት ከቀናት በኋላ ስለተገኘች ነው። ያዮ ግን እንደተቀመጠ ቀረ።

ዝርዝሩን ያኔውኑ አነሳነው። በማግስቱ ከሁመድ ጋር በሚኒባስ ዱብቲ ወረድን። መንገዱን ሙሉ ስለራሴ የምከራከርበት ቃል ሳዘጋጅ ነበር። ሕጉ፣ ሰዓቱ፣ ቁጥሩ። የያዮ ቤት ስደርስ ሁሉም ጠፋብኝ።

ቤቱ ስልክ ቻርጅ የሚደረግበት ነው። የጥጥ ለቀማ ወቅት ነበር፤ ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከከምባታ የመጡ የቀን ሠራተኞች በፈረቃ እየወጡ እየገቡ ስልካቸውን እዚያ ያስቀምጣሉ። መሀል ላይ አንድ ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ በገመድ የታሰረ አንድ ስልክ። ስልኩ ላይ የእኛ ጌም ነበር፤ አሁን ታግዶ ጥቁር ሆኗል። ሠራተኛው ስልኩ እስኪሞላለት በተራ ይነዳበት ነበር። የራሱ ስልክ ቻርጅ አሥር በመቶ ከጨመረ ተራው አለቀ፣ ለቀጣዩ ይለቃል። እንዲህ ሲቀባበሉት ያ መኪና ወቅቱን ሙሉ ሳይቆም ሄደ። ፍየል የሚገጨው ትናንት የመጣው ነው፤ እንደ አሮጌ ሾፌር የሚነዳው በአገሩ ሾፌር የነበረው ነው። «እኛ ብዙ ነን» ያሉኝ እውነታቸውን ነበር።

ያዮ ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው። ሁመድ ማን እንደሆንኩ ነገረው። ያዮ ቀና ብሎ አየኝ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ተቀመጪ። ውሃ ጠጪ» አለኝ።

ጣሳውን ተቀበልኩት። እስክጠጣ ጠበቀኝ። ስጨርስ ብቻ ተናገረ፤ አማርኛውን ከእርሻው ሠራተኞች የተማረ ነው።

«ስልኩን ብትዘጊው ግድ የለኝም። እኔ አንድ ቀን ተጫውቼ አላውቅም፣ መንዳትም አልችልም። ተራ አስጠባቂ ነኝ። ስልኩ የእኔ ስለሆነ ነው ልጆቹ ስሜን የጻፉት» አለ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አይተሽኛል?»

«አላየሁህም።»

«ያየኝ ሰው ነግሮሻል?»

«አልነገረኝም።»

«ታዲያ ከምን ተነስተሽ ተናገርሽ?»

 አለቀስኩ። በሚዛን ጣቢያ ሾፌር ሲሰድበኝ፣ ሲያስፈራራኝ ያላለቀስኩ ሴት፣ እዚያ በስልክ ወረፋ መሀል አለቀስኩ። ያዮ መነጽሩን መልሶ አደረገ። ይቅርታ ስለው «ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ይሠራል? እኔ እንዳላደረግሁ አውቃለሁ» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ያንኑ የዕርቅ ጉዳይ ያዩት ሽማግሌዎች ግራር ሥር ተሰበሰቡ። ሁመድ ያስተረጉምልኛል። አንድ ዓይናቸው የጠፋ ሽማግሌ ጠየቁኝ። ይህ ሰው ሐሰተኛ ነው ብሎ ማን ነገረሽ አሉ። ኮምፒውተሩ አልኩ። ለኮምፒውተሩ ማን ነገረው አሉ። እኔ አልኩ። ሁመድ መልሴን ሲተረጉም ድምፁ ቀነሰ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያ ራስሽ ተናግረሽ ራስሽ ሰማሽ» አሉኝ።

ፍርዳቸው ረጅም አልነበረም። ወሬው በወጣበት መንገድ ይመለስ፤ በቆመበት ቀን ልክ ይቁም፤ የተናገረው አፍ እሱው ይናገረው።

ሰመራ ስመለስ የአዲስ አበባው ሸሪክ ተቃወመ። ካምፓኒው ተሳስቷል እንበል፣ ስም አንጥራ፣ አንድ ቀን ይበቃል አለ። ሁመድ በመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋበት። በጌሙ መክፈቻ ላይ፣ ቀዩ ዝርዝር በነበረበት ቦታ፣ አሥራ ስምንት ቀን የእኔ ስም ቆመ፦ «የዱብቲው ያዮ አላጭበረበረም። ሐሰት የተናገርኩት እኔ ብርቄ ነኝ። አላየሁም፣ አልጠየቅሁም፣ ሲነገረኝም አልሰማሁም።» በድምፄም ቀረጽኩት፤ ሁመድ በአፋርኛ ደገመው። የደረሰብኝን ስድብ አልዘረዝርም፤ ይገባኝ ነበር።

ያን ሰሞን ሂክማን ይቅርታ ጠየቅሁና የቀሩትን አርባ ስሞች ከእሷ ጋር በዞረበት መዘንናቸው። ሰዓታቸውን ትተን ስሕተታቸውን አየን። ስድስቱ ሰዎች ሆነው ተገኙ፤ አንድ ስልክ የሚቀባበሉ ወንድማማቾች፣ በአንድ ስም የሚነዱ ባልና ሚስት። የእነሱንም ስም አስተካከልን። የቀሩት ሠላሳ አራቱ በእርግጥ ማሽን ነበሩ። ይህ ሲነገር ሰዎች ሊያጽናኑኝ ይሞክራሉ፤ እኔ አልጽናናም። ከዚያ ወዲያ በቢሯችን የማንም ስም በአደባባይ አልተጻፈም፤ ሰው ከመታገዱ በፊት ይጠየቃል፣ መልሱን የሚያነበውም ውሳኔውን ያልወሰነ ሌላ ሰው ነው። ሂክማ ብዙ ሰው በየራሱ ስም የሚነዳው የጋራ መኪና ጌሙ ውስጥ ሠራች። የዱብቲው ጠረጴዛ የመጀመሪያው ሆነ። ያዮ ስሙ እንዳይጻፍበት ብቻ ለመነን፤ ሠራተኞቹም «የተራ መኪና» አሉት።

ሽማግሌዎቹ የያዮን ቃል መልሰው እንደተቀበሉት ሁመድ ነገረኝ። በዚህ ተዘጋ ብዬ አምኜ ነበር።

ሰመራን ለቅቄ ወደ አዋሽ በምመለስበት ቀን አውቶቡሱ ለምሳ ገዋኔ ቆመ። ከጎኔ ባለው ጠረጴዛ አንድ ወጣት ሾፌር ሥጋውን ትቶ ስልኩ ላይ አጎንብሷል። የእኛ ጌም መሆኑን ከጥሩምባው አወቅሁ፤ ደስም አለኝ። ድንገት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጣለና «ያዮ! ያዮ ነህ!» ብሎ ጮኸ።

እንጀራዬን ትቼ ቀና አልኩ። «ምን አልክ ልጄ?»

«ይቅርታ እናት፣ እዚህ ጌም ላይ አንዱ ቀደመኝ። እያጭበረበረ ነው።»

«ያዮ ያልከው ምንድን ነው?»

«አጭበርባሪ ማለት ነው። እኛ ጌም ላይ እንደዚያ ነው የምንለው። ገላፊ ወረፋ ላይ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ያዮ ሰው መሆኑን ታውቃለህ?»

ሳቀ። «ሰው ነው እንዴ?»

ጌሙን የጀመረው ዘንድሮ ነው። ቀዩን ዝርዝር አላየም፣ የእኔንም አሥራ ስምንት ቀን አላየም። ስሙን ብቻ ከመንገድ አገኘው። ወንበሬን አዙሬ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። ስለ ጠረጴዛውና ስለታሰረው ስልክ፣ ስለ ግመሎቹና ስለ ታሰረው ሾፌር፣ ያዮ በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳ ጌም ተጫውቶ እንደማያውቅ ነገርኩት። ስለታሰረው ሾፌር ስደርስ ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠው።

«ይሄን ማን ነገረዎት?» አለኝ።

«ማንም አልነገረኝም። ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

አውቶቡሱ ጥሩምባ ነፋ። ተሳፋሪው ተነሳ፤ ረዳቱም «አዋሽ! አዋሽ!» እያለ ይጣራል።

«ገላፊ መቼ ትደርሳለህ?» አልኩት።

«ነገ።»

«ወረፋው ላይ ምን ትላቸዋለህ?»

«እነግራቸዋለኋ።»

«ምን ብለህ?»

አውቶቡሱ ደግሞ ነፋ። ልጁ አንዴ አውቶቡሱን፣ አንዴ እኔን አየ። እንደማልነሳ ሲገባው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያዮ የዱብቲ ሰው ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ስልክ ቻርጅ ያደርጋል። አላጭበረበረም። የተናገረችበት ሴትዮ ራሷ ናት የነገረችኝ፤ ገዋኔ፣ ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ።»

ከዚያ ቦርሳዬን ይዤ ተነሳሁ።